ወፍ ማየት ከጀመርኩ ሦስተኛ ወር፦ ከመዘገብኳቸው ወፎች አንዱን ሰረዝኩ

ባለፈው «እንጦጦ ላይ ሁለት ዓይነት ጭልፊት ለየሁ» ብዬ ፎክሬላችሁ ነበር። አንዱ ደረቱ ነጭ፣ ሌላው እንደ ከሰል የጠቆረ። ደብተሬ ላይም ለየብቻ ቁጥር ሰጥቻቸዋለሁ። ቅዳሜ ዕለት አንዱን ቁጥር በእስክሪብቶ ሰረዝኩት።

ጠዋት አንድ ሰዓት ተኩል ገደማ ነው። ባሕር ዛፍ ጫፍ ላይ ትልቅ የጭራሮ ጎጆ አገኘሁና ከሥሩ ራቅ ብዬ ተቀመጥኩ። ነጩ እግሩ ላይ አይጥ አንጠልጥሎ መጣ። ከጎጆው ብድግ ያለችው ግን ጥቁሯ! አሁን ይናከሳሉ ብዬ ባይናኩላሬን ስጨብጥ፣ እሷ አይጧን ተቀብላ ቁጭ አለች፤ እሱም አጠገቧ ላባውን ያበጥር ጀመር። ዞር ሲሉ የሁለቱም ጅራት አንድ ነው፦ የሸክላ ቀይ።

ለካ ሁለቱም ኦገር ባዛርድ የሚባል አንድ ዓይነት ጭልፊት ናቸው። ኤድዋርድ ሩፔል የተባለ ጀርመናዊ እ.ኤ.አ. በ1836 ከእኛው አገር ወፍ ተነስቶ የሰየመው ነው። ቀለሙ ወንድና ሴት አይለይም፣ ነጩም በዕድሜ ወደ ጥቁር አይለወጥም፤ በዘር የሚወረስ ነው። በብዛት የሚታየው ነጩ ሲሆን፣ ጥቁሩ እርጥበትና ደን ባለበት በርከት ይላል።

ስህተቴ ሆድ ሆዱን ማየቴ ነበር። አሁን መጀመሪያ ጅራት፣ ቀጥሎ የክንፍ ስፋት፣ ቀለም መጨረሻ።

ቢሾፍቱ ሐይቅ ዳር ያየኋት ፓራዳይዝ ፍላይካቸር የምትባል ትንሽ ወፍም እንዲሁ ናት፤ ወንዱ አንዳንዱ ነጭ፣ አንዳንዱ የዝገት ቀለም አለው። እሱን ግን ሪባን የመሰለው ረጅም ጅራቱ ስለሚያጋልጠው ብዙም አላሞኘኝም።

ለጎረቤታችን ለእማማ ይህን ሁሉ ስተርክላቸው ጥሬ እየበተኑ ሰሙኝና «ልጄ፣ ጫጩቴን ለወሰደ ሌባ ነጭ መልበሱ ምን ያደርግለታል?» አሉኝ። አብዛኛውን የሚያድነው አይጥ ነው ብላቸውም ወይ ፍንክች።

አንድ ነገር ልብ በሉ፦ የጅራቱ ዘዴ ለታዳጊዎቹ አይሠራም። ገና ያልጠናው ጅራቱ ቡናማ ሆኖ ጥቋቁር ሸንተረር አለበት። ደብተሬ ላይ ደግሞ «ቡናማ ጭልፊት» የሚል ሦስት ቦታ ተጽፏል። እስክሪብቶዬን አላስቀመጥኩም።