ኮካ የመሰለው ሽንት

አቦ ድሬ ያደገ ሰው ትኩሳትና ቁርጥማት ብርቁ አይደለም። በ2006 ደንጌ የሚባለው የትንኝ በሽታ ገባ፣ በ2011 ክረምት ደግሞ ቺኩንጉኒያ፣ እሱም ከትንኝ ነው፣ መጣና ሰፈሩን ሁሉ አስተኛው፣ ጎረምሳው ራሱ ግድግዳ እየያዘ ነበር ሽንት ቤት የሚሄደው። ስለዚህ ባለፈው ወንድሜን ሲያተኩሰውና ሰውነቴን ሰውነቴን ሲል ማንም አልደነገጠም። "ያቺው ናት፣ ውሃ ጠጣና ተኛ" ተባለ፣ አለቀ።

ልጁ ባጃጅ ነው የሚሰራው፣ እያተኮሰው በዛ ሀሩር ግማሽ ቀን ሰርቷል፣ ውሃም አልጠጣ፣ ጫት ግን አልቀረችም። በሁለተኛው ቀን ሲብስበት አንድ ክሊኒክ ገብቶ ዲክሎፌናክ የሚባለውን የህመም ማስታገሻ ተወግቶ መጣ፣ ምርመራ የለ ምን የለ። ደንጌ የተጠረጠረ ሰው ዲክሎፌናክም አይቡፕሮፌንም መውሰድ የለበትም፣ ለደም መፍሰስ ያጋልጣል፣ ኩላሊትም ይጎዳል፣ ፓራሲታሞል ነው የሚሰጠው። ይሄን እኔም የሰማሁት በኋላ ነው።

በአራተኛው ቀን ትኩሳቱ ለቀቀው፣ እሰይ ስንል ጭኑ ያዘው። መገጣጠሚያው ደህና ነው፣ ስጋው ነው የሚያመው። ባቱን ነካ ባደርገው ጮኸ። ከፍራሽ ለመነሳት ሁለት እጁን መሬት ተክሎ እንደሚድህ ህፃን ነው የተነሳው። ከዛ እናቴ "ና እስቲ ይሄን እይ" ብላ ጠራችኝ፣ በሃይላንድ የሸናው ሽንት ኮካ ነው የሚመስለው።

ሆስፒታል ወሰድነው። ደንጌው ተረጋገጠ። ሽንት ውስጥ የሚነከረው መመርመሪያ ወረቀት፣ ስትሪፑ፣ ደም አለ ይላል፣ በማይክሮስኮፕ ሲታይ ግን ቀይ የደም ሴል የለም። እንዴት ነው ነገሩ ብዬ ጠየቅኩ። ዶክተሯ የድሬ ልጅ ናት፣ አንቱ ምናምን የለም፣ "ስማ፣ ይሄ ደም አይደለም፣ ጡንቻው ነው" አለችኝ። የደንጌው ቫይረስ ጡንቻውን ጎድቶት ሲፈርስ ውስጡ ያለው ማዮግሎቢን የሚባል ፕሮቲን ደም ውስጥ ይገባል፣ ስትሪፑ እሱን ከደም አይለይም፣ ሲበዛ ደግሞ ኩላሊትን ይዘጋል። ጡንቻው የሚለቀው ፖታሲየምም ልብ ላይ አደጋ አለው፣ ለዛ ነው ኢሲጂ፣ የልብ ምርመራ፣ ያነሱት። ሲኬ የሚባለውን፣ የጡንቻ ጉዳት የሚያሳየውን የደም ምርመራ ውጪ አሰራን፣ ከ200 አካባቢ ማለፍ የሌለበት ቁጥር 18 ሺህ መጣ። መርፌው ራሱ ትንሽ ከፍ ያደርገዋል አለች፣ ግን እዚህ አያደርስም።

ደንጌ ብቻም አይደለም አሉ፣ ኢንፍሉዌንዛም ያደርገዋል። ህፃናት ላይ ጉንፋኑ ሊለቃቸው ሲል ባታቸውን ያማቸውና በእግር ጣታቸው እየሄዱ፣ አንዳንዴም አልሄድም ብለው ወላጅ ሽባ ሆነ ብሎ ያብዳል፣ እሱ ግን አብዛኛውን ጊዜ በሳምንት ውስጥ በራሱ ይለቃል። የኛው ነው የከፋው።

መድሃኒቱ ምን መሰላችሁ፣ ውሃ። ሁላችንም ግሉኮስ እንለዋለን፣ የተሰቀለለት ግን ጨው ያለበት ውሃ ነው፣ ቀንና ሌሊት፣ የሚወጣው ሽንት እየተለካ። እናቴ የየቀኑን በሃይላንድ እየያዘች መስኮቱ ላይ ደረደረችው፣ ኮካ፣ ቀጥሎ ቀጭን ሻይ፣ ቀጥሎ ቢራ የመሰለ፣ ነርሷ ልትደፋው ስትል "ተይው! ዶክተሯ ታየዋለች" ብላ ተጣላቻት።

በስድስተኛው ቀን ወጣ። ደረጃ ለመውጣት ሶስት ሳምንት ፈጅቶበታል፣ ባጃጇን ግን ከዛ በፊት ነው የጀመረው፣ ሰው አይሰማም። እናቴ አሁንም ከሽንት ቤት ሲወጣ "ቀለሙስ?" ትለዋለች፣ እንግዳ ፊት።