600 ሰከንድ ማብቃቃት፦ በኳንተም ማሽን ላይ የሃይድሮጅን ሞለኪውል ልኬት፣ የዚህ ዙር ማስታወሻ

የዚህ ዙር ግብ የሃይድሮጅን ሞለኪውልን ዝቅተኛ ኢነርጂ በእውነተኛ ማሽን መለካት ነው። በጀቱ የአይቢኤም ነጻ መደብ በየ28 ቀኑ የሚሰጠው 10 ደቂቃ፣ ማለትም 600 ሰከንድ የማሽን ጊዜ ነው። ብር ቢሆን ተበድሮ ይሞላል፤ ሰከንድ ካለቀ ግን እጅ አጣጥፎ መቀመጥ ነው። ስለዚህ ኮድ ከመነካቱ በፊት ወረቀትና እርሳስ ይቀድማሉ።

ሁለቱ አቶሞች 0.735 አንግስትሮም ተራርቀው፣ በኤስቲኦ-3ጂ ቤዚስ (ኦርቢታሎችን በግምት በሚጽፍ ትንሽ የፈንክሽን ስብስብ) ሲሰላ ሞለኪውሉ 4 ስፒን ኦርቢታል (የኤሌክትሮን ቦታ) አለው። በፓሪቲ ማፒንግ (ኦርቢታሎቹን ወደ ኪውቢት በሚተረጉም ዘዴ) ወደ 2 ኪውቢት (የኳንተም ቢት) ይወርዳል፤ ሃሚልቶኒያኑም (የኢነርጂው ቀመር) 5 ተርም ብቻ ይቀረዋል፦ ቋሚው −1.0524፣ ሁለቱ ነጠላ ዜዶች +0.3979 እና −0.3979፣ ዜድዜድ −0.0113፣ ኤክስኤክስ 0.1809። ዜድና ኤክስ ኪውቢት የሚለካባቸው አቅጣጫዎች ናቸው፤ ዜዶቹ በአንድ ላይ ስለሚለኩ የሚያስፈልገው ሁለት ዓይነት ልኬት ነው። የኒውክሊየሶቹ መገፋፋት 0.7200 ሲደመርበት ትክክለኛው መልስ −1.1373 ሃርትሪ (በአቶም ደረጃ የኢነርጂ መለኪያ) ነው። የሃርትሪ-ፎክ (በተራ ኮምፒውተር የሚሠራ ግምታዊ ስሌት) መልስ ደግሞ −1.1170 ነው። ያለ ኳንተም ማሽን በነጻ የሚገኘው ይህ ስለሆነ ሩጫው ሁሉ ለቀረችው 20 ሚሊሃርትሪ ነው። የኬሚስቶች የትክክለኛነት መስፈርት 1.6 ሚሊሃርትሪ ነው።

አሁን የሾት፣ ማለትም ልኬቱን አንድ ጊዜ የማካሄድ፣ ሒሳብ። በዝቅተኛው ኢነርጂ አካባቢ የአንድ ሾት መዋዠቅ በሁለቱም ልኬቶች 0.176 ሃርትሪ ያህል ነው። እኩል የሆኑት በአጋጣሚ አይደለም፤ ሁኔታው የሃሚልቶኒያኑ አይገንስቴት (ኢነርጂው የማይዋዥቅ ሁኔታ) ከሆነ የአንዱ ክፍል መዋዠቅ የሌላውን ማጣፋት አለበት። በየልኬቱ 4,000 ሾት ቢሰጥ የድምሩ ስህተት 3.9 ሚሊሃርትሪ ይወጣል፤ ብዙ ሰው ዝም ብሎ የሚተወው ቁጥር እንዲህ ያለው ነው፣ መስፈርቱንም አያሟላም። ወደ 1 ሚሊሃርትሪ ለመውረድ በየልኬቱ 62,000 ሾት ያስፈልጋል። በሁለት ሾቶች መካከል የሚቆየው የተለመደ ጊዜ 250 ማይክሮሰከንድ ስለሆነ አንድ የኢነርጂ ነጥብ 31 ሰከንድ ይበላል።

ፕሮጀክቶች የሚሞቱት እዚህ ላይ ነው። ኤስፒኤስኤ የተባለው ኦፕቲማይዘር (ዝቅተኛውን ነጥብ እየሞከረ የሚፈልግ ፕሮግራም) በየዙሩ ሁለት ነጥብ ብቻ ስለሚጠይቅ ርካሽ ይመስላል፤ በኪስኪት (በአይቢኤም የኳንተም ሶፍትዌር) ውስጥ ግን ራሱን ለማስተካከል ብቻ አስቀድሞ 50 ነጥብ ይወስዳል። 100 ዙር ሲጨመርበት 250 ነጥብ ይሆናል። በ4,000 ሾት እንኳ 500 ሰከንድ ነው፤ በጀቱ ሊያልቅ ተቃረበ፣ የተገኘው መልስም ገና 3.9 ይዋዥቃል። በዚያ ላይ ዙሩን የሚያሽከረክረው ላፕቶፕ ስለሆነ መሃል ላይ መብራት ከሄደ ሥራው ተቋረጠ ማለት ነው።

መውጫው ሰርኪዩቱን (በኪውቢቶቹ ላይ በተራ የሚሠሩትን ጌት የሚባሉ እርምጃዎች) ማሳነስ ነው። አንድ ኤክስ (ገልባጭ ጌት)፣ አንድ የአርዋይ መዞሪያ፣ ሁለቱን ኪውቢቶች የሚያስተሳስር አንድ ሲኖት ይበቃል፤ ፓራሜትሩም አንድ ብቻ፣ የመዞሪያው ማዕዘን፣ ነው። ኢነርጂው በማዕዘኑ ላይ ንጹህ የሳይን ሞገድ ስለሚሆን ሦስት ነጥብ ተለክቶ ሞገዱ በሙሉ ይታወቃል፤ ኦፕቲማይዘር የሚባል ነገር አያስፈልግም። ማዕዘኖቹ 0፣ 120 እና 240 ዲግሪ፣ በየልኬቱ 20,000 ሾት፣ በጠቅላላው 30 ሰከንድ። ማዕዘኑ በ0.02 ራዲያን ቢሳሳት የሚያስከፍለው 0.16 ሚሊሃርትሪ ስለሆነ እዚህ ላይ ሾት ማፍሰስ ብክነት ነው። ጥሩው ነገር፣ ተራ የዲፖላራይዚንግ ጩኸት (ሁኔታውን በሁሉም አቅጣጫ እኩል የሚያደበዝዝ ስህተት) የሞገዱን ጥልቀት ቢቀንስም ዝቅተኛው ቦታ የት እንዳለ አይለውጥም።

ጥልቀቱ ግን ይጎዳል። ሁኔታው በ1 በመቶ ብቻ ወደ ፍጹም ድብልቅ (ሁሉም ውጤት እኩል ዕድል ወዳለው ሁኔታ) ቢወድቅ ኢነርጂው 8 ሚሊሃርትሪ ወደ ላይ ይነሳል። ስለዚህ አንዲት ሲኖት ብቻ ያለው ሰርኪዩት እንኳ ያለ ማረሚያ መስፈርቱን ለማለፍ ስህተቱ ከ0.2 በመቶ መብለጥ የለበትም።

ለማረሚያ የተመረጠው ሲኖቷን 1፣ 3 እና 5 ጊዜ ደጋግሞ ጩኸቱን ሆን ብሎ ማሳደግ፣ ከዚያ ውጤቱን ወደ ዜሮ ጩኸት መዘርጋት ነው። በቀጥታ መስመር ሲዘረጋ መዋዠቁ በ1.21 እጥፍ ያድጋል፤ በኳድራቲክ ሲሆን በ2.28። ስለዚህ 1 ሚሊሃርትሪ ለመያዝ መስመሩ 136 ሰከንድ ሲፈልግ ኳድራቲኩ 486 ሰከንድ ይጠይቃል። መስመሩ ተመረጠ። አንድ ቀን 30 ሲደመር 136፣ 166 ሰከንድ ነው፤ በሦስት የተለያዩ ቀናት 498። የቀሩት 102 ሰከንዶች ለሙከራ ናቸው።

በዚህ ማረሚያ ላይ ሦስት ወጥመዶች አሉ። አንደኛው ሦስቱም ኢነርጂዎች እኩል ሲወጡ ነው። ጩኸት የለም ማለት አይደለም፤ ትራንስፓይለሩ (ሰርኪዩቱን ለማሽኑ የሚተረጉመው ፕሮግራም) ተከታትለው የመጡትን ሲኖቶች እርስ በርስ አጣፍቷቸዋል። መካከላቸው ባሪየር (ትራንስፓይለሩ እንዳያጣፋቸው የሚያግድ ምልክት) ይግባ፣ ከተደጋገሙም በኋላ ኦፕቲማይዜሽኑ 0 ይሁን፤ ከመላኩ በፊት የሲኖቶቹ ቁጥር በዓይን ይቆጠር። ሁለተኛው የንባብ ስህተት ነው፤ ጌት መደጋገም የንባብ ስህተትን ስለማያሳድገው መዘርጋቱ አያየውም፣ ተለይቶ ቀድሞ መታረም አለበት። ሦስተኛው ቅደም ተከተል ነው። 1 ሁሉ ጠዋት፣ 5 ሁሉ ከሰዓት ከተሠራ የማሽኑ መንሸራተት የጩኸት ልክ መስሎ ይገባል፤ ስለዚህ ተሰባጥረው በአንድ ባች (ጥቅል) ይላካሉ። በነጻው መደብ ሴሽን (ማሽኑን ለጊዜው ለብቻ መያዝ) ስለሌለ ያለው አማራጭም ባች ነው።

መንሸራተቱ ቀልድ አይደለም። በቁሱ ውስጥ ያሉ ጥቃቅን ጉድለቶች ከኪውቢቱ ጋር ሲገጥሙ ቲ1 (ኪውቢቱ ኢነርጂውን ይዞ የሚቆይበት ጊዜ) በሰዓታት ውስጥ ሊወርድ ይችላል። ማታ በታየ ካሊብሬሽን (የማሽኑ የጥራት ልኬት) የተመረጡ ኪውቢቶች፣ ሥራው ወረፋ ላይ አድሮ ንጋት ላይ ሲደርሰው ምርጥ ላይሆኑ ይችላሉ። እንደ ቴርሞሜትር የሚያገለግል ርካሽ ምልክት አለ፦ በዜድ ልኬት መውጣት ያለባቸው 01 እና 10 ብቻ ናቸው። የ00 እና የ11 ድርሻ በየቀኑ ይመዝገብ። የእያንዳንዱ ኪውቢት የንባብ ስህተት 1.5 በመቶ ከሆነ 3 በመቶ አካባቢ ይጠበቃል፤ 8 ከታየ የዚያ ቀን ሥራ ይቆማል፣ የቀረው ሰከንድም ይተርፋል።

ከትራንስፓይል በኋላ ሰርኪዩቱ በማሽኑ ኪውቢቶች ቁጥር ስለሚጻፍ ሃሚልቶኒያኑም ያንኑ አቀማመጥ መከተል አለበት፤ ከተረሳ ሥራው ሳይጀምር ይመለሳል። ከዚህ የከፋው የኪውቢት ቅደም ተከተል ነው። ኪስኪት ኪውቢት 0ን በቀኝ ጫፍ ያስቀምጣል፤ ሁለቱ ዜዶች ምልክታቸው ተቃራኒ ስለሆነ ቦታ ቢቀያየሩ ኮዱ ያለ ቅሬታ ይሮጣል፣ ዝቅተኛው ነጥብ ግን 180 ዲግሪ አካባቢ መገኘት ሲገባው ወደ 0 ይጠጋል። መጀመሪያ በሲሙሌተር −1.1373 ሳይወጣ ወደ ማሽን የሚላክ የለም። ላኪውና ፈቃጁም ሁለት ሰዎች ናቸው።

የመዝገቡ ዓምዶች፦ የሥራ መለያ ቁጥር፣ ቀንና ሰዓት፣ ማሽን፣ የኪውቢቶቹ ቁጥር፣ የካሊብሬሽኑ ቅጂ፣ የትራንስፓይለር ሲድ (የዕጣ መነሻ ቁጥር)፣ የኪስኪት ስሪት፣ ሾት፣ የታቀደ ሰከንድ፣ የተቆረጠ ሰከንድ፣ የ00 እና 11 ድርሻ። መለያ ቁጥሩ ልክ እንደተላከ ይጻፍ፤ ኔትወርክ ቢጠፋ ውጤቱ በእሱ ይገኛል። ከኪስኪት 1.0 በፊት የተጻፈ ኮድ ያለው ሰው አዲስ ንጹህ ኢንቫይሮንመንት ይክፈት፤ በአሮጌው ላይ አፕግሬድ ማድረግ ፓኬጆቹን ያጋጫል።

ያማረውን ቀን መርጦ ማቅረብ የለም፤ ሦስቱም ቀን ከነመዋዠቃቸው ሪፖርቱ ውስጥ ይገባሉ። የተረፉት 102 ሰከንዶችም ለአራተኛ ቀን ልኬት አይውሉም፤ 500 ሾት ለሚወስዱ የሙከራ ሥራዎች ብቻ ናቸው።