ትሽሽ የሚለው ድምፅ

ዛሬ ፀጉር ቤት አንዲት ደንበኛ «ቀለሙ በ15 ቀን ለቀቀ» ብላ መጣች። ቀይ ነበር የተቀባችው። ሥሩ እንዳለ ነው፣ ጫፉ ግን ብርቱካንማ ሆኗል። ይዛው የመጣችው ፔስትራ (የፀጉር መተኮሻ) 230 ዲግሪ ላይ ቆሟል።

«እርጥብ ሳለ ነው የምትተኩሺው?»

«አዎ፣ ትሽሽ ካላለ መች ይለሰልሳል?»

ያ ድምፅ ፀጉሩ ውስጥ የቀረው ውሃ ሲፈላ ነው። እንፋሎቱ ፀጉሩን ከውስጥ ያሳብጠዋል፤ በኋላ እዚያው ቦታ ላይ ይሰበራል። ቀለም የገባበት ፀጉር ደግሞ ቅርፊቱ አንዴ ስለተከፈተ ቀለሙም ወዙም ቶሎ ያመልጠዋል። በተለይ ቀይ!

እባካችሁ፣ ከሙቀት የሚከላከለውን ስፕሬይ እርጥቡ ፀጉር ላይ ንፉና በማበጠሪያ አዳርሱት። ከዚያ ሙሉ በሙሉ ይድረቅ። ቅቤ አይተካውም። ፔስትራው ከ180 አይለፍ፤ ብሊች ለተደረገ (የራሱ ቀለም ለወጣለት) ፀጉር 150 ይበቃል። ሳሳ ያለ ክፍል ይዛችሁ አንዴ፣ በዝግታ። ጫፉን የሚጨርሰው አምስት ጊዜ መመላለሱ ነው። ካስክም (ራስ ላይ የሚደፋው ማድረቂያ) መካከለኛ ሙቀት ላይ ይሁን።

ከተቀባችሁ በኋላ 3 ቀን ሳትታጠቡ ቆዩ፤ ከዚያ ሰልፌት የሌለው ሻምፖና ለብ ያለ ውሃ።

የልጅቷ ጫፍ ሁለት ጣት ያህል ተቆረጠ። የተቃጠለ ፀጉር በትሪትመንት አይመለስም።