እማዬን ዊንድዘር የወሰድኳት እሑድ ቀን ነበር

ለዊንድዘር ቤተ መንግሥት የእሑድ ትኬት አትቁረጡ። የምትሄዱት እዚያ ለተቀበረው ለአፄ ቴዎድሮስ ልጅ፣ ለልዑል ዓለማየሁ ብላችሁ ከሆነ ደግሞ ጨርሶ እንዳታስቡት። ይህን አንድ ሰው አስቀድሞ ቢነግረኝ ኖሮ፣ እናቴ ከደብረ ታቦር ድረስ ይዛው የመጣችው ጧፍ ዛሬ እኔ መሳቢያ ውስጥ አይገኝም ነበር።

እናቴ ጡረታ የወጣች አስተማሪ ናት። ደብረ ታቦር ላይ ከ30 ዓመት በላይ ታሪክ አስተምራለች። እኔም ከተማሪዎቿ አንዷ ነበርኩ። ስለ አፄ ቴዎድሮስ ስታስተምር በመስኮቱ በኩል በእጇ ትጠቁመናለች። ሴባስቶፖል የተሠራበት ጋፋት እዚያው አጠገባችን ነው። ዓለማየሁ ላይ ስትደርስ ግን ድምፅዋ ዝቅ ይላል። አባቱ መቅደላ ላይ ሲሞቱ ገና ሰባት ዓመት እንኳ አልሞላውም ነበር። እናቱ እቴጌ ጥሩወርቅ ከእንግሊዝ ጦር ጋር ወደ ባሕሩ ሲወርዱ መንገድ ላይ አረፉ። ልጁ በባዕድ እጅ እንግሊዝ ገባ። በራግቢ ትምህርት ቤት ተማረ፣ ሳንድኸርስት የጦር ትምህርት ቤትም ገብቶ ነበር። በመጨረሻ ሊድስ ከተማ ታመመና በ18 ዓመቱ፣ እ.ኤ.አ. ኖቬምበር 14 ቀን 1879 ሞተ። የተቀበረው ዊንድዘር ቤተ መንግሥት ግቢ፣ ቅዱስ ጊዮርጊስ ጸሎት ቤት ነው።

ባለፈው ሰኔ ለሦስት ሳምንት ልትጠይቀኝ ስትመጣ የጠየቀችኝ አንድ ነገር ብቻ ነው። «ልጁ ያለበትን አሳዪኝ» አለች።

ስለ ቪዛው ሌላ ጊዜ እጽፋለሁ። ሌሎቹ ቀኖች ደህና አለፉ። ለንደን ውስጥ ትልልቆቹ ሙዚየሞች መግቢያቸው ነጻ ስለሆነ፣ እንግዳ ያለበት ሰው በገንዘብ አይጨነቅ። የዘብ ቅያሬውን ለማየት ቤኪንግሃም በር ላይ ከመጋፋት ሆርስ ጋርድስ መሄድ ይሻላል፤ ፈረሶቹ እፊታችሁ ይቆማሉ። አረጋዊ ወላጅ ካላችሁ ደግሞ ከ60 ዓመት በላይ ለሆነ ሰው የሚሰጠውን የባቡር ካርድ አውጡላቸው። ዕድሜን ለማሳየት ፓስፖርት ይበቃል፣ ከዋጋው ሲሶውን ያስቀንሳል።

ብሪቲሽ ሙዚየም ስንሄድ እናቴ አጥሩ ጋ ስትደርስ ቆመች። ከመቅደላ የተወሰዱ 11 ታቦታት እዚያ እንዳሉ ታውቃለች። ለሕዝብ አይታዩም፣ ተሸፍነው ነው የሚቀመጡት። ነጠላዋን አስተካክላ፣ ብረቱን በግንባሯ ነክታ ተሳለመች። ሰው በግራም በቀኝም ያልፋል። እኔም አጠገቧ ተሳለምኩ። ያንን በር ስንት ዓመት ሳልፍበት እንዲህ አድርጌ አላውቅም ነበር።

ባዝ የምትባለው ከተማም ሄድን። ጃንሆይ በስደት ከ1936 እስከ 1940 እ.ኤ.አ. የኖሩበት ፌርፊልድ ሃውስ እዚያ ነው። በኋላ ለከተማው የሰጡት ቤት ነው። በየቀኑ ክፍት ስላልሆነ አስቀድማችሁ ጠይቁ። እኔ ጠይቄ ነው የሄድኩት፤ ዊንድዘርን ግን አልጠየቅሁም። የሮማውያኑን መታጠቢያም አየን። ውሃው በ46 ዲግሪ ሙቀት ከመሬት ይፈልቃል፣ በቀን ከአንድ ሚሊዮን ሊትር በላይ። እናቴ እንፋሎቱን ስታይ «ይሄማ ዋንዛዬ ነው!» አለች፤ በእኛ አገር ያለውን ፍልውሃ ማለቷ ነው። ማንም እንደማይገባበት ስነግራት አዘነች። ለእሷ ፍልውሃ ሰው የሚድንበት ነው።

አሁን ወደ እሑዱ ልምጣ። ሰዓቱን በእኛ አቆጣጠር ነው የምጽፈው።

የምሠራው የአረጋውያን መንከባከቢያ ውስጥ ነው። በዚያ ሳምንት ቀኑን ሙሉ ነጻ የነበርኩት እሑድ ብቻ ነው፣ እሱም ማታ 2 ሰዓት ላይ የሌሊት ተረኛ ነበርኩ። እናቴ እሑድ ቅዳሴ ቀርታ አታውቅም። «ለእሱ ስል ልቅር» አለች። ይቺን ቃል አሁንም አልረሳኋትም።

ትኬቱን የቆረጥኩት በስልክ፣ ከሚያሻሽጥ ድርጅት ነው። ከቤተ መንግሥቱ ከራሱ በጥቂት ፓውንድ ይቀንስ ነበር። ላዩ ላይ በትልቁ «ጸሎት ቤቱን ይጨምራል» ይላል። ወደ ታች፣ ስለ ገንዘብ ተመላሽ ከሚያወራው አንቀጽ በኋላ፣ በደቃቁ ደግሞ ጸሎት ቤቱ እሑድ ለጎብኚ ዝግ መሆኑ ተጽፏል። ይህን ያነበብኩት ከሄድን በኋላ ነው። አለማንበቤ የእኔ ጥፋት ነው፣ አልክድም። ግን እሑድን ስመርጥ እዚያው ላይ አንድ መስመር ማውጣት ምን ይከብዳቸዋል? ገንዘቡን ሲቀበሉ ሦስት ጊዜ ማረጋገጫ ጠይቀውኛል። ለዚህ አንድ ጊዜ እንኳ አልጠየቁኝም።

በፓዲንግተን በኩል ሄድን። እሑድ ስለሆነ ሐዲድ ይጠገናል ተባለና የመንገዱን ግማሽ በአውቶቡስ ጨረስነው። ቤተ መንግሥቱ በር ስንደርስ 6 ሰዓት ተኩል ሆኗል። ፍተሻው እንደ አውሮፕላን ማረፊያ ነው። የእናቴ ቦርሳ ሲከፈት በነጭ መሐረብ የተጠቀለለው ጧፍ ወጣ። ፈታሹ ወጣት ልጅ ነው፣ አገላብጦ አየው። እናቴ በአስተማሪ እንግሊዝኛዋ «ለጸሎት ነው» አለችው። ልጁ መሐረቡን እንደነበረ አጥፎ፣ በሁለት እጁ መለሰላት።

እዚያ ላይ ቀጥታ ወደ ጸሎት ቤቱ ብንሄድ ቢያንስ በጊዜ እናውቅ ነበር። እኔ ግን ለአንድ ሰው ከ30 ፓውንድ በላይ ከፍዬ ሁሉንም ሳላሳያት አልሄድም አልኩ። የጆሮ ማስጎብኛውን አንገቷ ላይ አንጠለጠልኩላት። የንግሥት ሜሪን የአሻንጉሊት ቤት ለማየት ብዙ ተሰለፍን። በ1920ዎቹ እ.ኤ.አ. የተሠራ ነው፣ ከእውነተኛ ቤት 12 ጊዜ ያንሳል፣ መብራት አለው፣ በቧንቧው ውሃ ይወርዳል። እናቴ ጎንበስ ብላ አየችና «ቆንጆ ነው» አለች። ቀጥላም «ልጁስ የት ጋ ነው?» አለች። «እንደርሳለን እማዬ» አልኳት። ትልልቆቹን አዳራሾች ዞርን። ጉልበቷን እያሻሸች ወንበር ላይ ተቀመጠችና ደግማ ጠየቀችኝ። ደግሜ «እንደርሳለን» አልኳት።

ቁልቁለቱን ወርደን ጸሎት ቤቱ ጋ ስንደርስ 9 ሰዓት ነው። በሩ ላይ ገመድ ተወጥሯል። አንድ ሸምገል ያሉ ሰው ቆመዋል። ትኬቴን በስልኬ አሳየሁ። እሑድ ለጎብኚ እንደማይከፈት በትሕትና ነገሩኝ። ጸሎት ግን ለሁሉም ክፍት ነው፣ 11 ሰዓት ከሩብ ላይ የማታ ጸሎት አለ፣ ለመጸለይ ከሆነ በነጻ ትገባላችሁ አሉ።

11 ሰዓት ከሩብ። ቆሜ ማስላት ጀመርኩ። ጸሎቱ እስኪያልቅ፣ አውቶቡሱ፣ ባቡሩ፣ እናቴን ቤት አድርሼ እስክመለስ። አይደርስም። አለቃዬ ጋ ደወልኩ። አንድ ሰዓት ብቻ ልዘግይ ብዬ ለመንኩ። «ሰው የለንም» ብሎ ዘጋው። ሁለት ዓመት ሙሉ አንድ ቀን አርፍጄ አላውቅም።

ለእናቴ ስነግራት ወዲያው አልመለሰችም። ግድግዳውን ቀና ብላ አየችው። «በየት በኩል ነው ያለው?» አለች። አላወቅሁም። ከጸሎት ቤቱ ጋር በተያያዘ የምድር ውስጥ መቃብር እንደሚያርፍ እንኳ ያነበብኩት በኋላ ነው። ያን ሁሉ መንገድ አምጥቻት ወዴት ዞራ እንደምትጸልይ ልነግራት አልቻልኩም። እሷም ወደ ድንጋዩ ዞረች፣ ነጠላዋን አጣፋችና ከንፈሯን እያንቀሳቀሰች ቆየች። ጧፉ በመሐረቡ እንደተጠቀለለ እጇ ላይ ነበር።

ስትጨርስ እኔ አለቅስ ነበር። «ምን ያስለቅስሻል?» አለችኝ። «እሑድ እኮ ነው ልጄ። እኛስ አገር በቅዳሴ መሀል ጎብኚ ይገባል?»

የዚያን ሌሊት በሥራ ላይ በእረፍቴ ስልኬን ከፍቼ ሌላ ቀን ፈለግሁ። ማክሰኞና ረቡዕ ቤተ መንግሥቱ ራሱ ዝግ ነው። የእሷ በረራ ረቡዕ ማታ ነው። የቀረን ሰኞ ብቻ ሆነ። ሰኞ ደግሞ ከሌሊት ሥራ ወጥቼ ከሰዓት በኋላ ለሌላ ተራ ተመድቤያለሁ። ፈቃድ ጠየቅሁ፣ አልተሰጠኝም።

እናቴ «ብቻዬን እሄዳለሁ» አለች። እምቢ አልኳት። ትጠፊያለሽ፣ ባቡር መቀየር አለ፣ አልኳት። ከሁሉም አብልጦ የሚቆጨኝ ይሄ ነው። ከዋተርሉ ጣቢያ ምንም ሳይቀየር ቀጥታ ዊንድዘር የሚገባ ባቡር አለ። አንድ ሰዓት ገደማ ነው የሚፈጀው። የመጨረሻው ጣቢያ ስለሆነ ሁሉም ሲወርድ መውረድ ብቻ ነው። 30 ዓመት ልጆች ያስተማረች ሴት ይህን አታጣውም ነበር። እንደ ሕፃን ቆጠርኳት።

ስለዚህ ወላጅ ለምታመጡ ሁሉ የምላችሁ ይህን ነው። ከሰባቱ ቀን ለእኛ የሚሆኑት አራት ናቸው፤ ሐሙስ፣ ዓርብ፣ ቅዳሜና ሰኞ። አንዳንዴ በሥነ ሥርዓት ምክንያት በእነዚህም ቀኖች ስለሚዘጋ ዋዜማውን ድረ ገጻቸውን እዩ። በጠዋት ግቡ። ማስጎብኛው እዚህ ጀምሩ፣ እዚያ ጨርሱ ይላል፤ አትስሙት። ከፍተሻው እንዳለፋችሁ ቀጥታ ጸሎት ቤቱ ግቡ። ከሌላው ግቢ ቀድሞ 10 ሰዓት ላይ ሰው ማስገባት ያቆማል። የአሻንጉሊቱ ቤት ቢቀር ምንም አይቀርባችሁም። ትኬቱን ከራሳቸው ቁረጡ። በቀጥታ የገዛ ሰው እዚያው ወደ ዓመት ማለፊያ ሊያስቀይረው ይችላል፣ በዓመቱ ውስጥ ተመልሶ ሲመጣ አይከፍልም። እኔ ለጥቂት ፓውንድ ቅናሽ ብዬ ድጋሚ ሙሉውን ከፍያለሁ። ፈቃድ የማይሰጥ አለቃ ካላችሁ ደግሞ የአውሮፕላን ትኬቱ ሳይቆረጥ በፊት ለምኑት። ቀኑ ከገባ በኋላ ልመና ዋጋ የለውም።

እናቴ ከሄደች በኋላ በሦስተኛው ሐሙስ ብቻዬን ሄድኩ። የነሐስ ጽሑፉን አገኘሁት። ንግሥት ቪክቶሪያ ያስቀመጡት ነው። የቴዎድሮስ ልጅ ዓለማየሁ በዚህ አቅራቢያ ተቀብሯል ይላል፣ የተወለደበትና የሞተበት ቀን አለ። ከሥሩ ከማቴዎስ ወንጌል የተወሰደ ቃል አለ፤ እንግዳ ሆኜ ተቀበላችሁኝ የሚለው። ጧፉን ይዤ ነበር፣ ማብራት ግን አይቻልም። ፎቶም አላነሳሁም።

ወጥቼ ግቢው ውስጥ ቆሜ ደወልኩላት። ቃል በቃል አነበብኩላት፣ በእጄ ጽፌው ነበር። መጨረሻው ላይ ስደርስ ዝም አለች። ከዚያ «ምዕራፍ 25 ነው» አለች። «ተቀብለውት ከሆነ ለምን አይመልሱትም?» አለች። በ2023 እ.ኤ.አ. የቤኪንግሃም ቤተ መንግሥት አፅሙን አንሰጥም ማለቱን በሬዲዮ ሰምታለች። የሌሎችን አፅም ሳይነኩ ማውጣት ያስቸግራል ነው ያሉት። በዚያው ዓመት ለኢትዮጵያ የተመለሰው ከፀጉሩ የተቆረጠ ዘለላ ነው።

«ጧፉን አትጣዪው» አለችኝ። «ቀኖቹን ደግሞ ንገሪኝ፣ ልጻፋቸው።»

«ሐሙስ፣ ዓርብ፣ ቅዳሜ፣ ሰኞ።»

እስክሪብቶዋ ወረቀቱ ላይ ሲሄድ ይሰማኛል።

«እስቲ ድገሚው» አለች።