ነጭ ቀጋ በውሃ ቀለም

የአበባ ሥዕል ሳይ ዓይኔ ቀድሞ የሚያርፈው ውሃው በሄደበት መንገድ ላይ ነው። ሥዕሉ ከደረቀ በኋላም ብሩሹ የነካው ወረቀት እርጥብ ይሁን ደረቅ ይለያል።

ቀጋን ብንወስድ፣ በወሎ ደጋ በየአጥሩ ሥር የሚበቅለው እሾሃሙ፣ ፍሬውን እረኞች የሚለቅሙት፣ አበባው አምስት ነጭ ቅጠል አለው፤ መሐሉ ላይ ቢጫ ክሮች ይበዙበታል። በውሃ ቀለም ነጩ ወረቀቱ ራሱ ነው። ስለዚህ ሰዓሊው አበባውን ሳይነካ ከጀርባው ያለውን ጥላ ይቀባል። በኋላ ነጭ ጉዋሽ (ሥሩን የሚሸፍን ወፍራም የውሃ ቀለም) ደርቦ ያስተካከለ ካለ ያስታውቃል፤ ቦታው ድፍን ይላል።

በነጩ ላይ የሚወድቀው ስስ ጥላ አልትራማሪን ሰማያዊ ከጥቂት በርንት ሲዬና (ቀላ ያለ ቡናማ) ጋር በብዙ ውሃ ተበጥብጦ ይወጣል። ሲደርቅ ስለሚፈዝ፣ እርጥብ ሳለ ትንሽ የበዛ መምሰል አለበት። በጥቁር ግራጫ ያደረገው ሰው አበባውን አቆሸሸው ማለት ነው። የመስከረሟን አደይ ደግሞ የሚገድላት ሐምራዊ ጥላ ነው፤ ቢጫው ላይ ሲያርፍ ጭቃ ይሆናል። ኦከር (አፈርማ ቢጫ) ወይም ብርቱካናማ ይሻላታል።

ስል ጠርዝ ደረቅ ወረቀት ላይ፣ ከጀርባው ጋር የሚዋሐደው እርጥብ ላይ ይሠራል። አደጋው መሐል ላይ ነው። የወረቀቱ ብልጭታ ጠፍቶ ገና ሳይደርቅ ውሃ የበዛበት ብሩሽ ካረፈበት፣ ውሃው ቀለሙን ወደ ዳር ገፍቶ አበባ ጎመን የመሰለ ጠርዝ ይተዋል። ሆን ብለው የሚጠቀሙበት አሉ፤ ቀጋ ላይ ግን አልወደውም።

ይህች መሐል የምትቆይበት ጊዜ እንደ አገሩ ነው። ደሴ በክረምት ጉም ውስጥ ቅቡ አልደርቅ ብሎ ያስቸግራል፤ ዝቅ ብላ ሞቅ ባለችው ኮምቦልቻ ደግሞ ብሩሹ ሳይመለስ ይደርቃል። እዚያ ወረቀቱን ከጀርባም ማርጠብ ይረዳል። ወረቀቱም በካሬ ሜትር 300 ግራም የሚመዝን ጥጥ ቢሆን ይመረጣል፤ ስሱ ይሞገድና ቀለሙ ጎድጓዳው ላይ ይጠራቀማል።

ለሮዝ አበባ አሊዛሪን ክሪምሰን የሚባለው ደማቅ ቀይ ቀለም ያማልላል፣ ብርሃን ግን ያደበዝዘዋል፤ ኩዊናክሪዶን ሮዝ የተባለው ቀለም ይቆያል። ሥዕሉ ሲሰቀል ፀሐይ ከሚመታው ግድግዳ ይራቅ። ከመስታወቱ ጋር እንዳይነካካም በመሐሉ የካርቶን ክፈፍ ይግባበት፤ የደሴ ክረምት እርጥበት ከመስታወት ጋር የተጣበቀን ወረቀት ያሻግተዋል።