ከጤነኛው ማሳ የተገኘችው ዋግ

ጥቅምት ሲገባ ዋግ የተባለውን የስንዴ ፈንገስ በሽታ ናሙና ለመሰብሰብ ከደብረ ማርቆስ ወደ ማቻከልና ደብረ ኤልያስ መውጣት የዘወትር ሥራዬ ነው። ዘንድሮ በማሳቸው ውስጥ አጎንብሼ ስፈልግ ያዩኝ አንዲት እናት «ልጄ፣ የጎረቤቴን ስንዴ ዋግ ጨርሶት እያየህ ከእኔ ጤነኛ ማሳ ምን ትሻለህ?» አሉኝ። የጎረቤታቸው ስንዴ አገዳው ተላልጦ፣ ሸክላ የመሰለው ብናኝ ሱሪዬን እስኪያቀላው ድረስ ተመትቶ ነበር። ነገር ግን ያ ዝርያ ለመጣው ዋግ ሁሉ የሚሸነፍ ስለሆነ የሚነግረን ጥቂት ነው፤ ይቋቋማል በተባለው በእርሳቸው ዝርያ ላይ ያገኘኋት አንዲት ነቁጥ ግን የአዲስ ሬስ፣ ማለትም ሌሎች ዋጎች የማይችሉትን ስንዴ የሚያጠቃ የዋግ ዓይነት፣ ምልክት ልትሆን ትችላለች።

ይህን ያስተማረን ዲገሉ የተባለው፣ ይቋቋማል ተብሎ የታመነበት የስንዴ ዝርያ ነው። እ.ኤ.አ. በ2010 ቢጫ ዋግ ኩብሳና ጋለማ የተባሉትን የስንዴ ዝርያዎች ሲጥል ብዙ ገበሬ ወደ ዲገሉ ዞረ። በኡጋንዳ እ.ኤ.አ. በ1998 የተገኘውን ኡጂ-99 የተባለ የግንድ ዋግ በጭንቀት እየጠበቅን ሳለ፣ እ.ኤ.አ. በ2013 ባሌ ላይ ዲገሉን የመታው ከኡጂ-99 ጋር ዝምድና የሌለው፣ ቲኬቲቲኤፍ (TKTTF) የሚባል ሬስ ሆኖ ተገኘ።

አምስቱ ፊደላት የዘፈቀደ ስም አይደሉም። ከናሙናው የተባዛው ብናኝ የታወቀ የመቋቋም ዘረመል ባላቸው 20 መለያ ስንዴዎች ችግኝ ላይ ይረጭና ከሁለት ሳምንት ገደማ በኋላ ከ0 እስከ 4 ይመዘናል፤ የየአራቱ ስንዴዎች ውጤት አንድ ፊደል ይሰጣል። ሆኖም ፊደሉ የሚናገረው ዋጉ የትኛውን ስንዴ ማጥቃት እንደሚችል እንጂ ከማን እንደተወለደ አይደለም። በዚያው በ2013 ጀርመን ውስጥ የተገኘው ቲኬቲቲኤፍ በዘረመል ሲመረመር ከዲገሉ ዋግ የተለየ ሆኗል። በፊደሉ ብቻ ብንፈርድ ኖሮ ነፋስ ከእኛ አገር የወሰደው ይመስለን ነበር።

ናሙናው ሁልጊዜ በወረቀት ፖስታ ይያዛል። በጀማሪነቴ በፌስታል ቋጥሬ የአንድ ሳምንት ድካሜን ሻጋታ በልቶብኛል።

ከእኒያ እናት ማሳ አገዳውን ቆርጬ ፖስታው ላይ የዝርያውን ስም፣ ከፍታውንና ቀኑን ስጽፍ መልሱ መቼ እንደሚመጣ ጠየቁኝ። እንደሚዘገይ ስነግራቸው ዝም ብለው ቆዩና «እንግዲያው ከሰኔ በፊት አድርሰኝ፤ ዘር የምመርጠው ያኔ ነው» አሉኝ።