ቁስሉ ሻረ ከተባለ በኋላ፦ የተቃጠለ እጅ የአንድ ዓመት ደብተር

ይህ ጽሑፍ ደሴና ኮምቦልቻ ላሉ የቃጠሎ ታካሚዎችና አስታማሚዎች ነው። የመጀመሪያዎቹን ሳምንታት፣ የቁስል አጠባውንና የቆዳ ንቅለ ተከላውን አልነካንም፤ ያ የሐኪም ቤት ሥራ ነው። እዚህ ያለው «እሰይ፣ ሻረ» ተብሎ ቤት ከተገባ ወዲህ ያለው ነው፤ ብዙ እጅ የሚበላሸውም ያኔ ነው። በ3 ሳምንት ውስጥ ያልተዘጋ ቁስል ከላይ ቢደርቅም ከሥር መሥራቱን አያቆምም። ከ6ኛው እስከ 8ኛው ሳምንት ባለው ጊዜ ጠባሳው ማበጥና መጠንከር ይጀምራል፣ እስከ 6ኛው ወር አካባቢ ይብስበታል፣ ለመርጋት ከ1 እስከ 2 ዓመት ይወስዳል። በዚያ ሁሉ ጊዜ ቆዳውን እየሳበ ነው። ለታማሚው የሚመቸው አኳኋን፣ ማለትም ጣት ጨበጥ፣ ክርን አጠፍ፣ አገጭ ወደ ደረት፣ ጠባሳው እጁን ይዞ የሚቀርበት አኳኋን ነው።

ደብተሩ

የሚያስፈልገው የተማሪ ማስመሪያና ባለመስመር ደብተር ነው። በመጀመሪያው አምድ፣ እጅ ሲጨበጥ የመሃል ጣት ጫፍ መዳፍ ላይ ካለው፣ ለጣቶቹ ከሚቀርበው መስመር ለመድረስ ስንት ሴንቲ ሜትር እንደሚቀረው ይጻፋል። ጤነኛ እጅ 0 ነው። በሁለተኛው ስንዝር ይለካል፤ ከአውራ ጣት ጫፍ እስከ ትንሿ ጣት ጫፍ። በሦስተኛው እጅ ጠረጴዛ ላይ ሲነጠፍ ከጣቶቹ ሥር የሚቀረው ክፍተት። አንገትም ተቃጥሎ ከሆነ፣ ቀና ተብሎ ከአገጭ እስከ ደረት አጥንቱ የላይኛው ጫፍ ያለው ርቀት በአራተኛው አምድ ይጨመራል። መጀመሪያ ጤነኛው እጅ ይለካ፤ የሚደረስበት ልክ የሱ ነው።

ልኬቱ በቀን ሁለት ጊዜ ነው፦ ጠዋት ምንም ሳይሠራ፣ ማታ ከመጨረሻው ልምምድ በኋላ። ትርጉሙ ያለው በሁለቱ ልዩነት ላይ ነው። ለምሳሌ ማታ 2.0 ተጽፎ ጠዋት 3.5 ከሆነ ቀን የተገኘው ሌሊት ተበልቷል፤ የሌሊቱ ድጋፍ (ሲተኛ እጁ ላይ የሚታሰረው፤ ከታች ይመጣል) ወይ አልታሰረም ወይ ቅርጹ ተሳስቷል። ጠዋትም ማታም 2.5 ላይ ቆሞ ሳምንት ካለፈው ደግሞ ድጋፉ ሥራውን እየሠራ ነው፣ ቀን ላይ መሳቡ ግን አንሷል። ደብተር ከሌለ ሁለቱም «አልተሻለውም» ብቻ ይባላሉ።

የሌሊቱ ድጋፍ

ከጄሶ ወይም ከፕላስቲክ በፊዚዮቴራፒ ባለሙያ ይሠራል፤ ስፕሊንት የሚባለው ነው። የእጅ ጀርባ ከተቃጠለ አንጓው ከ20 እስከ 30 ዲግሪ ወደ ኋላ ቀና ይላል፣ ጣቶቹ ከሥራቸው ከ70 እስከ 90 ዲግሪ ይታጠፋሉ፣ ከዚያ ወዲያ ቀጥ ይላሉ፣ አውራ ጣት ወደ ውጭ ይወጣል። መዳፍ ከተቃጠለ ግን፣ ምጣድ ወይም ፍም የጨበጠ ሕፃን እንደሚሆነው ማለት ነው፣ ነገሩ ይገለበጣል፦ መዳፍ ተዘርግቶ፣ ጣቶቹ ተከፋፍተው ይታሰራሉ። የአንዱን ድጋፍ ለሌላው ማዋስ የማይቻለው ለዚህ ነው። ጠዋት ሲፈታ የቀላ ወይም የጠቆረ ምልክት ታይቶ በግማሽ ሰዓት ካልጠፋ ቦታው ተጭኖታል፤ ለሠራው ሰው ይመለስ። ለአንገት ትራስ ይቀራል፤ የታጠፈ ጋቢ ከትከሻ ሥር ገብቶ ጭንቅላት ወደ ኋላ ዘንበል ይበል። ብብት ከሆነ ክንዱ ከጎን በ90 ዲግሪ ተዘርግቶ ትራስ ላይ ያርፋል።

የቀኑ ሥራ፣ ከቡናው ጋር

ቡና በቀን ሁለት ሦስቴ በሚፈላበት ቤት ማንቂያ ደወል አያስፈልግም። አቦል ላይ ማሸት፣ ቶና ላይ መሳብ፣ በረካ ላይ እጁን ማሠራት። እንዲህ ሲታሰር አይረሳም፤ ደግሞም ቤተሰቡ ሁሉ ተቀምጦ ስለሆነ የሚያሽ ሰው አይጠፋም። አንድ ዙር ከመኝታ በፊት ይጨመርበት።

ማሸት የሚጀመረው ቆዳው ሙሉ በሙሉ ተዘግቶ መነካት ሲችል ነው፤ ብዙ ጊዜ ከተዘጋ ከ2 እስከ 3 ሳምንት በኋላ። ሽታ የሌለው ቫዝሊን በስሱ ይቀባል። በአውራ ጣት ሥጋ ተጭኖ፣ ቆዳው ነጣ ሲል፣ በትንሽ ክብ ይዞራል፤ 10 ደቂቃ። ጣቱ ቆዳው ላይ ከተንሸራተተ ትርፉ ፍትጊያ ነው፤ ጣቱና ቆዳው አብረው መሄድ አለባቸው። ደረቅ እጅ ወይም ችኮላ ውሃ የቋጠረ ጉብታ ያመጣል። ከመጣ አይፈነዳም፤ ያቺ ቦታ ብቻ በንጹሕ ጎዝ ተሸፍና ሁለት ሦስት ቀን ትረፍ፣ ሌላው ይቀጥል። ቅቤ ለፀጉር ይሁን።

መሳቡ ሳይገታ፣ ሳይወዛወዝ ነው። ጠባሳው እስኪነጣና ጭምድድ እስኪል ድረስ ይደረስና እዚያው ከ30 ሰከንድ እስከ 1 ደቂቃ ይቆያል፤ 5 ጊዜ። መወጠር ተገቢ ነው። ልምምዱ ካለቀ ከአንድ ሰዓት በኋላም የሚዘልቅ ሕመምና በማግስቱ የሚያብጥ መገጣጠሚያ ግን መጠኑ እንደበዛ ይናገራል፤ በአንድ ምት በኃይል የሚያስተካክል «ወጌሻ» ቆዳውን ይሰነጥቀዋል፣ የተሰነጠቀውም ሌላ ጠባሳ ይሆናል።

በረካ ላይ ጥሬ ቡና መልቀም ለጣት ጫፍ የሚተካከለው የለም። ሊጥ ማቡካት፣ እርጥብ ጨርቅ መጭመቅ፣ ቁልፍ መቆለፍ ይከተላሉ። የተተከለ ቆዳ ሙቀትና ቅዝቃዜ የመለየት አቅሙ ያነሰ ስለሆነ ሲኒው ባዶ ወይም ለብ ያለ ይሁን፤ የመታጠቢያውም ውሃ በጤነኛው ክርን ይሞከር።

ከ6ኛው ሳምንት ወዲህ፦ ጫና

ጠባሳው ማበጥ ሲጀምር መጫን ያስፈልጋል። ቀላሉ ላስቲክ ፋሻ ነው፦ ለእጅ 5፣ ለክንድ 10 ሴንቲ ሜትር ስፋት ያለው። ከጣት ጀምሮ ወደ ክርን ይጠቀለላል እንጂ ከላይ ወደ ታች አይመጣም፤ እጅ ያብጣልና። እያንዳንዱ ዙር ያለፈውን በግማሽ ይሸፍናል፣ ጥፍሮች ሳይሸፈኑ ይቀራሉ። ጥፍር ተጭኖ ሲለቀቅ ቀለሙ በ2 ሰከንድ ካልተመለሰ ይፈታ። ቁስሉ ገና ክፍት ሳለም ቢሆን ጣቶች አንድ ላይ አይጠቀለሉም፤ በየጣቱ መካከል ጎዝ ካልገባ ከሥራቸው ይጣበቃሉ፣ የሚላቀቁትም በቀዶ ሕክምና ነው። እጅግ የተለመደና እጅግ የሚያናድድ ስህተት ይኼ ነው።

የተሰፋ ጓንት ወይም እጀታ የተሻለ ነው። በየ3 ሴንቲ ሜትሩ የክንዱ ዙሪያ ይለካና ከልኬቱ ከ10 እስከ 15 በመቶ አጥብቦ ይሰፋል፤ ልኬቱ ባለሙያ ሲያየው ጥሩ ነው። ለልብስ ሰፊው መንገር ያለባችሁ አንድ ነገር ስፌቱ ወደ ውጭ እንዲሆን ነው። በቀን 23 ሰዓት ይለበሳል፣ ስለዚህ ሁለት ያስፈልጋል፤ አንዱ ሲታጠብ አንዱ ይለበሳል። ከ2 እስከ 3 ወር ባለው ጊዜ ላስቲኩ ይደክማል፤ የሰፋ ጓንት ጌጥ ነው።

እዚህ ላይ በደሴና በኮምቦልቻ መካከል ያለውን የሐረጎ ዳገት መውጣትና መውረድ ለውጥ አለው። ደሴ 2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት፤ ብርዱ ቆዳውን ያደርቃል፣ ቫዝሊኑ በቀን አራት አምስቴ ይሁን፣ ፀሐዩም አዲስ ጠባሳን ያጠቁራልና ጃንጥላ ወይም ነጠላ አይለይ። ኮምቦልቻ 1,850 ገደማ ናት፤ የተተከለ ቆዳ አያልብም፣ ሰፊ የሰውነት ክፍል የተቃጠለበት ሰው በቀትር ሙቀቱ ይታፈናል፣ ማሳከኩም ይብሳል። ከባድ ሥራ ለጠዋት ይሁን። ሲያሳክክ ከመፎከት በመዳፍ መታ መታ ማድረግ፣ ቀዝቃዛ እርጥብ ጨርቅ መጣል፣ ጥፍር ማሳጠር፤ እንቅልፍ ከነሳ ሐኪሙ የሚዋጥ ያዝዛል።

ምግብ ላይ በአጭሩ፦ ቁስል ሳይዘጋ 60 ኪሎ የሚመዝን ሰው በቀን ከ90 እስከ 120 ግራም ፕሮቲን ይፈልጋል። አንድ እንቁላል 6 ግራም፣ አንድ ብርጭቆ ወተት 8፣ 100 ግራም ጥሬ ምስር 25 ገደማ ነው። ጾም ከመጣ የነፍስ አባትን፣ ረመዳን ከሆነ ሼኹን አስቀድሞ መጠየቅ ነው፤ ለታማሚ በሁለቱም ዘንድ ፈቃድ አለ።

አምስተኛው አምድ

እንቅልፍ ስንት ሰዓት፣ ከቤት ተወጣ ወይስ አልተወጣም፤ ይህም ይጻፍ። ለሦስት ቀን ልምምድ ያቆመን ሰው «ሰነፈ» ከማለት በፊት ይህ አምድ ይታይ። ብዙ ጊዜ መጀመሪያ እንቅልፉ ሄዷል፣ ቀጥሎ ማስመሪያው ተረስቷል። ቅዠት፣ የጭስ ሽታ ሲመጣ መደንገጥ፣ ወጥ ቤት አለመግባት በመጀመሪያው ወር የሚጠበቅ ነው። ከ1 ወር አልፎ ምግብና እንቅልፍ ከነሳ ሕክምና የሚያስፈልገው ነገር ነው፤ ደሴ ኮምፕሬሄንሲቭ ስፔሻላይዝድ ሆስፒታል (በፊት ደሴ ሪፈራል ይባል የነበረው) የአእምሮ ሕክምና ይሰጣል። «ምነው በሞትኩ» ከተባለ ቀጠሮ አይጠበቅም፤ ያን ዕለት ይኬዳል፣ ብቻም አይተውም።

ወደ እሳት መመለሱ በደረጃ ነው። ቡና ሲፈላ በሩ ላይ መቀመጥ፤ ሳይፈሩ ሁለት ሦስት ቀን ሲያልፍ ክፍሉ ውስጥ፣ ከምድጃው ርቆ፤ ከዚያ ሲኒ ማቅረብ፤ ከዚያ ሌላ ሰው አጠገብ ሆኖ መቅዳት፤ መጨረሻ መቁላት። ልብ ሲመታ ወዲያው ተነሥቶ መውጣት ፍርሃቱን ያሳድገዋል፤ ረገብ እስኪል እዚያው መቆየት ነው። የቃጠሎው መነሻ የሚጥል በሽታ ከሆነ ግን ይህ አይሞከርም፤ መድኃኒቱ ሳይቋረጥ፣ ምድጃው ከመሬት ወደ ወገብ ቁመት ወጥቶ፣ ብቻን አለማብሰል ይቀድማል።

ጠያቂ ሲመጣ ከበር ጀምሮ ከንፈር የሚመጥና «እስኪ እንዴት ሆነ?» እያለ ከሥር የሚያስጀምር አይጠፋም። ከቤቱ አንድ ሰው ደጅ ላይ ይቀበልና ታሪኩን እዚያው ይጨርስ። ለመንገድ ደግሞ አንዲት አጭር መልስ ትዘጋጅ፦ «ቃጠሎ ነው፣ ተሽሎኛል»፤ ከዚያ ወሬ መቀየር።

መቼ ይበቃል

ልምምዱ እየተሠራ ልኬቱ ከወር ወር ወደ ኋላ ከሄደ ቀዶ ሕክምና ሊያስፈልግ ነው። የዓይን ቆብ የማይዘጋ፣ አፍ የማይከፈት ወይም አገጭ ደረት ላይ የተያዘ ከሆነ ጠባሳው እስኪረጋ አይጠበቅም፤ ሪፈሩ ብዙ ጊዜ 400 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቆ ወደ አዲስ አበባ ነው፣ የካቲት 12 ሆስፒታል የቃጠሎ ክፍል አለው። ከዓመታት በኋላ አሮጌ ጠባሳ ላይ ወጥቶ የማይሽር ቁስል ወደ ካንሰር ሊለወጥ ስለሚችል ናሙና ይወሰድለት።

ጠባሳው ሲረጋ ይለሰልሳል፣ ይተኛል፣ ቅላቱ ወይም ወይን ጠጅ መልኩ ይለቃል፣ ማሳከኩ ይቀራል። ያኔ የሌሊቱ ድጋፍ አንድ ሌሊት ይቅርና ጠዋት ይለካ። የማታው ቁጥር ካልተነካ በሳምንት ሁለት ሌሊት፣ ከዚያ ሦስት ይታለፍ። ግማሽ ሴንቲ ሜትር እንኳ ከጠፋ ያን ዕለት ማታ ይመለስና ከወር በኋላ እንደገና ይሞከር።